ሊኬጅ ተብሎ የተጻፈው ውሃ

ሰቦቃ ውሃ ከፋች ነው። ሌላ ሙያ የለውም፣ ተመኝቶም አያውቅም። ከአቃቂ በሰቃ ወጣ ብሎ አራት ጉድጓድና አንድ ትልቅ ማጠራቀሚያ ያለው የውሃ ጣቢያ አለ። ለፋብሪካዎችና ለጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ውሃ የሚያቀርብ የግል ድርጅት ነው፤ ስሙ ቢጠራ ለዚህ ታሪክ የሚጨምረው ነገር የለም። የጣቢያው ቦታ ድሮ የሰቦቃ አባት የጤፍ ማሳ ነበር። መሬቱ ሲወሰድ ሽማግሌው በካሳው ብዙም አልተከራከሩም፤ «ይሄን ልጄን ቅጠሩልኝ» ብቻ አሉ። ልጁም ተቀጠረ። ይኸው ሃያ ስድስት ዓመት ሞላው፤ ጡረታ ሊወጣ የቀረው ሁለት ዓመት ነው።

ከማጠራቀሚያው ሰባት መስመር ይወጣል፤ ሰባት ቫልቭ አለ ማለት ነው። ሰቦቃ የትኛውን ምን ያህል ዙር ቢያዞር ውሃው የት ሰፈር በስንት ሰዓት እንደሚደርስ ያውቃል። ቧንቧው ላይ መዳፉን አሳርፎ ጥቂት ይቆያል፤ ከዚያ «ሦስተኛው ላይ አየር አለ» ካለ፣ አየር አለ። ከመሐንዲሶቹ መካከል የሳቁበት ነበሩ። እነሱ በየሁለት ዓመቱ ተለዋወጡ፣ እሱ እዚያው ነው።

ሰባተኛው መስመር ወደ ዳገቱ ሰፈር ይሄዳል። ከዚያ ማሳ የተነሱት ገበሬዎች የሰፈሩት እዚያ ነው፤ የሰቦቃም ቤት እዚያው ነው። መቶ ሃያ ያህል አባወራ አለ፣ ያላቸው ግን አንድ ቦኖ ብቻ። የቦኖው ቆጣሪ ከተበላሸ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ይጠገን ብለው ያልጻፉት ማመልከቻ የለም፤ መልስ የሰጣቸው ግን የለም። ፈረቃቸው ማክሰኞና ቅዳሜ ነው፣ ሁለት ሁለት ሰዓት። የገዛ መሬታቸው ሥር የወጣ ውሃ መጀመሪያ ቁልቁል ለሌላው ተዳርሶ፣ የተረፈው ነው ሽቅብ ወደነሱ የሚመለሰው። ይህ ነገር ሰቦቃን በየቀኑ ያንገበግበዋል፤ አፍ አውጥቶ ግን ተናግሮት አያውቅም።

ሞት ደግሞ ፈረቃ አይጠብቅም። ከቀብር የተመለሰ ሰው እጁን ሳይታጠብ ንፍሮ አይነካም፤ መቶና ሁለት መቶ እጅ ደጅ ላይ ሲሰለፍ ሐሙስ ነው፣ ውሃ የለም አይባልም። ስለዚህ በዳገቱ ሰፈር አንድ ልማድ ነበር። ሰው ሲሞት የእድሩ ዳኛ ዱሬሳ ከጥሩምባው ቀጥሎ የሚያደርገው ወደ ጣቢያው መውረድ ነው። ዱሬሳና ሰቦቃ አብረው ያደጉ ናቸው። «የእገሌ ቤት» ይላል ዱሬሳ። ሰቦቃ ራሱን በእሺታ ይነቀንቃል። ቀብሩ ሊመለስ ሲል ሰባተኛውን ግማሽ ሰዓት ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ አለቀ።

ያለ ፈረቃ መክፈት ከሥራ ያስባርራል። በዚያ ላይ ከሦስት ዓመት ወዲህ ማጠራቀሚያው ውስጥ የውሃውን ከፍታ በየደቂቃው የሚመዘግብ መሣሪያ ገብቷል፤ ውሃው ሲጎድል ምክንያቱ መጻፍ አለበት። ሰቦቃ መዝገቡ ላይ «ሰባተኛ መስመር፣ ሊኬጅ» ብሎ ይጽፋል። ሊኬጅ፣ ቧንቧው አፍስሷል ነው። ቆፍሮ የሚያይ ይመጣል ብሎ መጀመሪያ ላይ ፈርቶ ነበር። ማንም አልመጣም። ለዳገቱ ሰፈር ቧንቧ ማን አካፋ ያነሳል!

ሚስቱ አለሚቱ ልቧን ያማታል። ዳገቱን ስትወጣ ሦስት ጊዜ ትቀመጣለች፤ ሐኪሞቹ መድኃኒቱን ይለዋውጡላታል እንጂ ቀና ብለው አያዩአትም። እሷ ግን ቀልድ አታጣም። ሰቦቃ ለቅሶ ቤት ውሃ ከፍቶ በመጣ ቁጥር ትነካካዋለች።

«ለሰው ግማሽ ሰዓት ነው አይደል የምትከፍተው? ለኔ ጊዜ ሙሉ ሰዓት ነው፣ ነግሬሃለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ጭቃ ቱታህን ያጠብኩበት ነው።»

«ሁለት ሰዓት እከፍትልሻለሁ፤ አንቺ ብቻ አትቸኩይ።»

«ማልልኛ!»

«የአባቴ አፈር ይንሳኝ» ይላታል እየሳቀ። እሷም ትስቃለች፤ ሳቁ ግን ትንፋሽ ያሳጥራታል።

ነጅላ ወደ ጣቢያው የመጣችው ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ነው። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሰቦቃ ቫልቭ ማዞር ሲጀምር ነው የተወለደችው ማለት ነው። አባቷ ከወሎ መጥተው የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ ናቸው፤ ቤታቸው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውሃ ወደዚያ ፎቅ ስለማይወጣ ልጅነቷን በሙሉ ጀሪካን ተሸክማ ደረጃ ስትወጣ አሳልፋለች። ይህን ለሰቦቃ የነገረችው በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ እሱም የወደዳት ያኔውኑ ነው።

«ምንድነው የምትሠሪው አንቺ?» አላት።

«ኒውራል ኔትወርክ ይባላል፣ ጋሼ። ኮምፒውተር ነው፣ ግን እንዲህ ሲሆን እንዲህ አድርግ ብለው አያዝዙትም። ያለፈውን አይቶ ቀጥሎ የሚመጣውን መገመት ይማራል። አንደኛው ተከፍቶ አምስተኛው ቢዘጋ ከአንድ ሰዓት በኋላ ውሃው የት ይደርሳል? ይገምታል፣ ይሳሳታል፣ ራሱን ያርማል፣ እንደገና ይገምታል። ሚሊዮን ጊዜ።»

«ገምቶስ?»

«ከዚያ ግብ ይሰጠዋል። ቫልቭ ከመንካቱ በፊት በሐሳቡ ብዙ መንገድ ይሞክርና ከግቡ የሚያደርሰውን ይመርጣል።»

ሰቦቃ ትንሽ አሰበና «እኔም እኮ እንደዚያው ነው የማደርገው» አላት።

«ለዚህ እኮ ነው የመጣሁት» አለች ነጅላ። «ውሃው ምን እንዳደረገ መሣሪያው መዝግቦታል። የርስዎ እጅ ምን እንዳደረገ ግን ከርስዎ መዝገብ በቀር የሚያውቅ የለም። ጽሑፍዎን ደግሞ ከርስዎ በቀር ማንም አያነበውም።»

እውነትም የሰቦቃ እጅ ጽሑፍ ለጉድ ነበር። እናም አራት ወፋፍራም መዝገቦችን ይዘው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ፤ እሱ ያነባል፣ እሷ ትጽፋለች። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ድረስ ይኸው ነበር ሥራቸው። በሕይወቱ እንዲህ የተከበረበት ጊዜ አልነበረም። «እዚህ ጋ ለምን ሁለት ዙር ብቻ?» ትለዋለች፣ ያስረዳታል፣ አፏን ከፍታ ትሰማዋለች። ቤት ገብቶ ለአለሚቱ «ዛሬም ኮምፒውተሩን አስተማርኩት» ይላታል፤ ትምህርት ቤት የተቀጠረ ነበር የሚመስለው።

የመጀመሪያው ሊኬጅ የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው። «ሐሙስ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ሰባተኛ መስመር» አለና ቆመ።

ነጅላ ጣቷን ኪቦርዱ ላይ አድርጋ ጠበቀችው። ሰቦቃ ያን ሐሙስ ያስታውሰዋል፤ ወርቅነሽ የምትባለው ጎረቤታቸው የተቀበረችበት ቀን ነው። «ይሄ ሊኬጅ አይደለም፣ እኔ ነኝ የከፈትኩት» ቢል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ልጅቷ ክፉ አይደለችም፤ ግን የምትጽፈው ሁሉ ለሥራ አስኪያጁ ለአቶ ሀብተሚካኤል ይደርሳል። ሁለት ዓመት ለቀረው ጡረታ፣ ለአለሚቱ መድኃኒት፣ ደግሞም ለዱሬሳ ለራሱ አሰበ። አንዴ ከታወቀ ልማዱ ይቆማል።

«ሊኬጅ» አላት።

ጻፈችው። በአራቱ መዝገቦች ውስጥ አርባ አንድ ለቅሶ ነበር፤ አርባ አንድ ጊዜ ሊኬጅ አላት፣ አርባ አንድ ጊዜ ጻፈች። ለሰፈሩ የዋለው ውለታ እንዳይነጠቅ ብሎ ነው። ይህን እዩልኝ፤ ሰውየው ለራሱ ብቻ ብሎ አልዋሸም፤ ቢዋሽ ኖሮ ምናልባት ያን ያህል አያቃጥልም ነበር።

የካቲት ላይ የቫልቮቹ ክብ እጀታዎች ተፈትተው በቦታቸው ሞተር ተገጠመ። ሰባቱ እጀታዎች መጋዘኑ ጥግ ተከመሩ፤ የሰቦቃ መዳፍ አሽቶ ቀለማቸውን ያስለቀቀበት ቦታ እንኳ ይታይ ነበር። ሰቦቃ ግን በማሽኑ አልቀናም፤ እንዲያውም ተደነቀበት። ነጅላ ስክሪኑን አሳየችው። አንድ ደማቅ መስመር አለ፣ አሁን ያለው ውሃ ነው። ከፊቱ ሰረዝ ሰረዝ የሆነ መስመር አለ፣ ገና ያልመጣው ውሃ ነው። ሰቦቃ ወንበር ስቦ ተቀመጠና አንድ ሰዓት ሙሉ አየ፤ ደማቁ መስመር እየተሳበ ሰረዞቹን አንድ በአንድ ሸፈናቸው። «ይሄ ልጅ ጎበዝ ነው» አለ። በዚያው ሳምንት ቱሉ ዲምቱ አራተኛ ፎቅ ውሃ ወጣ። የነጅላ እናት ሳምቡሳ ጠብሰው ለጣቢያው ሰው ሁሉ ላኩ።

ፈረቃውንም ማሽኑ ራሱ እንዲያወጣ ተፈቅዶለት ነበር። የተሰጠው ግብ ሕንፃዎቹ ሁሉ ውሃ እንዲያገኙ፣ የሚጠፋውም ውሃ እንዲቀንስ ነው። በመጀመሪያው ማክሰኞ ሰባተኛው መስመር ሁለት ሰዓቱን አገኘ። በሁለተኛው ሳምንት ወደ አርባ ደቂቃ ወረደ። በአራተኛው ሳምንት አስር ደቂቃ ሆነ፤ አስር ደቂቃ ደግሞ ዳገቱን ወጥቶ ቦኖው ድረስ አያደርስም። ከዚያ ጭራሽ ተዘጋ፤ ሰፈሩም ለጊዜው የቀረ መስሎት ውሃ ከታች በጀሪካን ይገዛ ጀመር። በተዘጋ ቁጥር የጠፋው ውሃ ቀነሰ፤ ማሽኑ የገመተው ሆነለት፤ የበለጠም እርግጠኛ ሆነ።

የሰፈሩ ሽማግሌ አያ ቃልቤሳ የሞቱት መጋቢት ላይ ነው፣ ረቡዕ። ዱሬሳ እንደልማዱ ወረደ።

«የአያ ቃልቤሳ ቤት» አለ።

ሰቦቃ ራሱን አልነቀነቀም። «እጀታ የለኝም፣ ዱሬሳ።»

«እንዴት የለህም?»

«ፈትተው ሞተር ገጥመውበታል።»

ዱሬሳ የቀልድ መስሎት ፈገግ አለ፤ የሰቦቃን ፊት ሲያይ ፈገግታው ጠፋ። ሰቦቃ ትልቁን የቧንቧ መፍቻ ይዞ ወደ ሰባተኛው ወረደ፤ ሞተሩ ላይ ተንጠልጥሎ ታገለ፣ ንቅንቅ አላለም። ወዲያው ስልኩ ጮኸ፤ ነጅላ ነበረች። «ጋሼ፣ ሰባተኛው መስመር ላይ ማስጠንቀቂያ መጣብኝ፤ ሰው ነክቶታል እንዴ?»

«ማንም የለም» አላት እያለከለከ።

ለቀስተኛው በዚያ ቀን ከሱቅ በተገዛ የታሸገ ውሃ እጁን አራሰ እንጂ አልታጠበም። ሽማግሌዎቹ ሳይታጠቡ ንፍሮውን ዝግን አድርገው ተነሱ። ሰቦቃን ማንም አልወቀሰውም። አለሚቱ ነገሩን ሰማች። ከዚያ ቀን ወዲህ «ለኔ ጊዜ ሙሉ ሰዓት» ማለቱን ተወችው። ሰቦቃ ማታ ማታ ትላለች ብሎ ይጠብቃታል፣ አትልም።

በሳምንቱ ሰቦቃ ነጅላን መጋዘኑ አጠገብ ጠርቶ ሁሉንም ነገራት። አርባ አንዱን ለቅሶ በየስማቸው ቆጠረላት። የልጅቷ ዓይን ቀስ እያለ እንባ ሞላ።

«ያኔ ለምን አልነገሩኝም፣ ጋሼ?»

«ፈራሁ።»

«ማሽኑ እኮ ሰባተኛው መስመር የተቀደደ ቧንቧ ነው ብሎ ነው የተማረው። ውሃ ሲገባበት ይጠፋል፣ በቃ። ያን ያስተማርነው እኔና እርስዎ ነን።» ፊቷን ጠረገች። «አስተካክለዋለሁ። አርባ አንዱንም አርሜ እንደገና አስተምረዋለሁ። አምስት ቀን ይስጡኝ።»

ሰቦቃ እነዚያን አምስት ቀናት እንዴት እንዳሳለፋቸው እሱ ነው የሚያውቀው። ለዱሬሳ «ይስተካከላል» አለው። ለአለሚቱም ነገራት፤ ትራሷ ላይ እንዳለች «ጎሽ» አለችው፣ ያን ሰሞን ከአልጋ መነሳት አቁማ ነበር። በአምስተኛው ቀን ነጅላ ስክሪኑ ፊት አስቀመጠችው። ሰባተኛው መስመር ላይ አሁን ሊኬጅ የሚባል ነገር የለም። ሰረዝ ሰረዙ መስመር፣ ሰባተኛው ቢከፈት ውሃው ዳገቱን ወጥቶ በሃያ ሁለት ደቂቃ ቦኖው እንደሚደርስ በትክክል ያሳያል፤ ቫልቩ ግን አሁንም ዝግ ነው። ሰቦቃ በእጁ የሚያውቀው ሃያ ሁለት ደቂቃ ነው!

«አወቀው» አላት። «ታዲያ ለምን አይከፍተውም?»

ነጅላ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች። «አሁን በትክክል ያውቃል፣ ጋሼ። ሰው እንደሚጠጣው ያውቃል። ግቡ ላይ ግን በቆጣሪ ያላለፈ ውሃ ሁሉ የጠፋ ውሃ ነው። የዳገቱ ቦኖ ቆጣሪው አይሠራም። ስለዚህ… ያው ነው። ድሮ ተሳስቶ ይዘጋው ነበር፣ አሁን አውቆ ይዘጋዋል።»

«ግቡን ቀይሪዋ!»

«ግቡን የምጽፈው እኔ አይደለሁም።»

አብረው ወደ አቶ ሀብተሚካኤል ቢሮ ወጡ። ሥራ አስኪያጁ የሚጮህ ሰው አይደለም። በጸጥታ ሰማቸው፤ ከዚያ አንዱን መዝገብ አስመጥቶ ገለጠና ወደ ሰቦቃ አዞረው። «ይሄ የማን ጽሑፍ ነው?»

«የኔ።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ ሰባተኛው መስመር ያፈሳል ብለህ የጻፍከው አንተ ነህ። ዛሬ መጥተህ አያፈስም ስትለኝ የትኛውን ሰቦቃን ልመን? ቆጣሪው ይጠገን ብለህ አንድ መስመር ጽፈህ ቢሆን ኖሮ በጀት አስይዝበት ነበር።»

ሰፈሩ ስንት ማመልከቻ እንዳስገባ ሰቦቃ ያውቃል፤ ግን እውነት ነው፣ በመዝገቡ ላይ እሱ የጻፈው ሊኬጅ ብቻ ነው። መዝገቡን ከደነው። ነጅላ ልትከራከር ሞከረች፤ ሥራ አስኪያጁ የማሽኑን ሪፖርት እንድትጨርስ ነገራት። ሰቦቃን አላባረረውም፤ ለዕድሜው ሲል ጡረታው እስኪደርስ በር ጠባቂ አደረገው። በግንቦት ጥገና ሰባተኛው መስመር ከሥሩ እንዲደፈን ተወሰነ። ለውሳኔው አባሪ የሆኑት ከሰቦቃ መዝገብ ፎቶ ኮፒ የተደረጉ አርባ አንድ ገጾች ናቸው።

ከዚያ በኋላ ሰቦቃ በሩ ላይ ይቀመጣል። መኪና ሲመጣ ይከፍታል፣ ሲወጣ ይዘጋል። ከኋላው ሞተሮቹ ሲዞሩ ይሰማል፤ በድምፁ ብቻ ይሄ ሁለተኛው ነው፣ ይሄ አምስተኛው ነው ይላል ለራሱ። ሰባተኛው ድምፅ የለውም።

አለሚቱ ሚያዝያ ላይ ሞተች። ሐሙስ ንጋት ላይ፣ ማንንም ሳታስቸግር። የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ። ዱሬሳ ግን ከጥሩምባው በኋላ ወደ ጣቢያው አልወረደም፤ በየቤቱ እየዞረ ከአንዱ ግማሽ ጀሪካን፣ ከሌላው አንድ ጆግ ይለምን ጀመር። ሰቦቃ ከሬሳው አጠገብ ተቀምጦ የዱሬሳን ድምፅ ከአጥር ወደ አጥር ሲሄድ ይሰማዋል። ካለቀሰው ለቅሶ ሁሉ ያ ድምፅ ባሰበት።

ከቀብር ሲመለሱ ሰዓቱ ስምንት ሆኗል፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ደጁ ላይ ሰልፉ እስከ መንገዱ ደርሷል። ሁለት ሴቶች ቆመው በጣሳ ያስታጥባሉ፤ ለአንድ ሰው ጥቂት ጠብታ፣ የጣት ጫፍ የምታህል። ሰቦቃ ሰልፉን አየና አንገቱን ደፋ። «የአባቴ አፈር ይንሳኝ» ብሎ ምሎላት ነበር።

ባጃጅ ዳገቱን እያቃሰተች መጣች። ነጅላ ናት፣ ጥቁር ሻርፕ ተከናንባ። ሾፌሩ ሁለት ቢጫ ጀሪካን አወረደላት። ማንንም ሳታናግር ከአንዷ ሴት ጣሳውን ተቀብላ ቀዳችና ሰቦቃ ፊት ቆመች።

«እጅዎን ይስጡኝ፣ ጋሼ።»

«ከየት አመጣሽው?»

«ከቤት ነው።»

«አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጣ?»

«ከጠዋት ጀምሮ አለ» አለች።

ሰቦቃ ሁለት መዳፎቹን ገጥሞ ዘረጋ። ነጅላ አፈሰሰችለት፣ እንደሌሎቹ ጠብታ አይደለም፣ ሙሉ ጣሳ። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። ከአባቱ ማሳ ሥር ወጥቶ፣ ቱሉ ዲምቱ ወርዶ፣ አራት ፎቅ ወጥቶ፣ በባጃጅ ተመልሶ የመጣ ውሃ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ውሃ ሲያካፍል የኖረ እጅ ነውና ሁለተኛውን ጣሳ ልትቀዳለት ስትል ያዛት።

«ይበቃኛል» አላት። «ለሰው ይድረስ።»

ከኋላው ገና መቶ ያህል ሰው ነበር። ሁለቱ ጀሪካኖች ሰልፉ ከመጋመሱ በፊት አለቁ።